ፕሌይስቴሽኑ ይሸጥ ወይስ ይቆይ? ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ 5ኛ ክፍል ይማራል። አጎቱ ከአሜሪካ ሲመጣ ፕሌይስቴሽን ካመጣለት ወዲህ ቤታችን ሰላም አጥቷል። ባለቤቴ ‹ይሸጥና በገንዘቡ አስጠኚ እንቅጠርለት› ይላል። ወንድሜ ደግሞ ‹ጌም ጭንቅላት ያሠላል፤ ተዉት› ባይ ነው። ታላቅ እህቱ 13 ዓመቷ ነው፤ እሷ ጆይስቲኩን የምትነካው እሱ ሲተኛ ብቻ ነው። እውነት ጌም ለትምህርትም ሆነ ከሰው ጋር ለመግባባት የሚሰጠው ጥቅም አለ? ካለስ በቀን ስንት ሰዓት ልፍቀድለት?»

ምላሽ፦

እህቴ፣ አይሽጡት። ይህን ስል ግን ለወንድምዎ ፈርጄ አይደለም። ባለቤትዎ የታያቸው ችግር በእርግጥ አለ፤ ወንድምዎም ሐሰት አልተናገሩም። ሁለቱም የዘለሉት ነገር ግን አለ። ከጓደኞቹ ጋር የሚጫወተው የእግር ኳስ ግጥሚያ፣ ብቻውን ተቀምጦ ቤት የሚገነባበት ጨዋታና በየደቂቃው «ግዛ፣ ግዛ» እያለ የሚጎተጉተው የስልክ ጨዋታ ሁሉም «ጌም» ይባሉ እንጂ በልጅ ላይ የሚሠሩት ሥራ ለየቅል ነው። ስለዚህ ከሰዓቱ በፊት ሦስት ነገር ይመልከቱ። ምን ይጫወታል? ከማን ጋር? ጨዋታውስ በራሱ ጊዜ ያልቃል ወይስ ማለቂያ የለውም? እኔ ከሁሉ አብልጬ የምፈራው ማለቂያ የሌለውን ነው፤ ምክንያቱን ወደ በኋላ እመጣበታለሁ።

ከትምህርቱ ልጀምር። ማይንክራፍት የሚባለውን ጨዋታ ልጅዎ ሳያውቀው አይቀርም። ስዊድን ውስጥ ተሠርቶ ሙሉ ቅጂው በ2011 ወጣ፤ ማይክሮሶፍት በ2014 በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ገዛው፤ በ2016 ደግሞ ለትምህርት ቤቶች የሚሆን ቅጂ አወጣለት (ዓመቶቹን ሁሉ በዚህ ጽሑፍ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ልጁ አንድ ዓለም ውስጥ ባዶ እጁን ይጣላል። ዛፍ ይቆርጣል፤ አንዱ ግንድ አራት ሳንቃ ይወጣዋል። ከሳንቃው የሥራ ጠረጴዛ ይሠራል፤ በጠረጴዛው ላይ የእንጨት ዶማ፣ በእንጨት ዶማው ድንጋይ፣ በድንጋይ ዶማው ደግሞ የብረት ማዕድን ይቆፍራል። ቀንና ሌሊቱ በ20 ደቂቃ ይዞራል፤ ሲጨልም ጭራቆች ስለሚወጡ ከዚያ በፊት መጠለያ ሊኖረው ይገባል።

እንግዲህ ልጅዎ ወለሉ 9 በ7 የሆነ ቤት ሊሠራ አሰበ እንበል። 63 ሳንቃ ያስፈልገዋል። 15 ግንድ ቢቆርጥ 60 ሳንቃ ብቻ ያገኛል፤ ስለዚህ 16 መቁረጥ አለበት፣ አንድ ሳንቃም ይተርፈዋል። ይህንኑ ስሌት ደብተር ላይ ቢሰጡት የሚያዛጋ ልጅ፣ እዚያ ጨለማ እየመጣበት በቃሉ ያሰላዋል። ሲሳሳት የሚቆጣው መምህር የለም፤ ወለሉ ላይ ቀዳዳ ይቀራል፣ ተመልሶ ይቆርጣል። የጥሩ ጨዋታ ትልቁ የማስተማር ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። ስሕተት ርካሽ ነው፣ ውጤቱ ወዲያው ይታያል፣ እንደገና መሞከርም አያሳፍርም። ብዙ የክፍል ውስጥ ትምህርት እነዚህን ሦስቱንም ያጣል።

ይሁን እንጂ ወንድምዎ ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አልነገሩዎትም። ልጁ ሳንቃውን ቆጥሮ ቤት ስለሠራ ብቻ ነገ ፈተና ላይ «ስፋቱን ፈልግ» ሲባል ያስታውሰዋል ማለት አይደለም። በጨዋታ ውስጥ የተገኘ ችሎታ እዚያው በጨዋታው ውስጥ ታጥሮ የመቅረት ጠባይ አለው። ከዚያ የሚወጣው አጠገቡ የተቀመጠ ሰው «ስንት ግንድ ቆረጥህ? 16 እንደሚበቃህ እንዴት አወቅህ?» ብሎ ሲጠይቀውና ልጁ በእጁ የሠራውን በአንደበቱ ሲያስረዳ ነው። ባለቤትዎ አስጠኚ ሊቀጥሩ ባሰቡበት ሰዓት ራሳቸው ግማሹን ያህል ከልጁ ጎን ቢቀመጡ፣ የማያውቁ መስለው ቢጠይቁት፣ የተሻለ ውጤት ያያሉ ብዬ አምናለሁ። መምሰልም ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ አብዛኛው አባት ጆይስቲክ ሲይዝ በልጁ መማሩ አይቀርም። አባት ተማሪ፣ ልጅ አስተማሪ የሚሆንበት ሌላ ሰዓት በቤታችን ውስጥ ብዙ የለም።

ነገሩ አዲስ ግኝት አይደለም። በ1971 በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ሚኒያፖሊስ ከተማ፣ አንድ ለመምህርነት የሚሠለጥን ወጣት የምዕራብ አሜሪካን ሰፋሪዎች ታሪክ ለማስተማር ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሆኖ የኮምፒውተር ጨዋታ ሠራ። ኦሪገን ትሬይል ይባላል። ስክሪን አልነበረውም፤ ልጆቹ የሚጽፉትና የሚመለስላቸው መልስ ወረቀት ላይ እየታተመ ይወጣ ነበር። በበሬ የሚጎተት ጋሪ ይዘው ሲጓዙ ለምግብ፣ ለልብስና ለጥይት ስንት እንደሚያወጡ ይወስናሉ፤ ስንቁ ካለቀ ወይም በሽታ ከገባ መንገድ ላይ ይቀራሉ። ተማሪዎቹ በአንድ ማሽን ዙሪያ ተሰብስበው ይከራከሩ፣ ሥራም ይከፋፈሉ ነበር። አንዱ ገንዘቡን ይቆጥራል፣ ሌላው ካርታውን ይከታተላል፣ ፈጥኖ የሚጽፈው ደግሞ አደኑን ይይዛል። መሣሪያው አንድ ብቻ መሆኑ ጨዋታውን አልጎዳውም፤ እንዲያውም የክርክሩ ምንጭ እሱ ነበር። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱን ታብሌት ታቅፎ በየጥጉ በሚቀመጥበት ቤት ይህ አይገኝም።

«ጭንቅላት ያሠላል» የሚለው አባባልም መነሻ አለው። በ2003 ሾን ግሪንና ዳፍኔ ባቬሊየር የተባሉ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ባሳተሙት ጥናት፣ ፈጣን የተኩስ ጨዋታ የሚጫወቱ ሰዎች በዓይናቸው ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ በመከታተል ከማይጫወቱት በልጠው ተገኝተዋል። የማይጫወቱትንም ለ10 ቀናት በቀን አንድ ሰዓት ቢያለማምዷቸው መሻሻል አሳዩ። ሥራው የተከበረ ነው። ግን የተጠኑት ለአካለ መጠን የደረሱ እንጂ ሕፃናት አልነበሩም፤ የተሻሻለውም የዓይን ትኩረት እንጂ ንባብ ወይም ሒሳብ አይደለም። ከዚያ ወዲህ «አእምሮ እናሠለጥናለን» የሚሉ ነጋዴዎች በዝተዋል። ከመካከላቸው ስመ ጥር የሆነው ሉሞሲቲ ማስረጃ የሌለው ተስፋ ለደንበኞች ሰጥቷል ተብሎ በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ተከሶ በ2016 ጉዳዩን በ2 ሚሊዮን ዶላር ዘግቷል።

ስለዚህ «ትምህርታዊ» የሚል ጽሑፍ ያለበትን ጨዋታ ሁሉ አይመኑ። የብዙዎቹ አሠራር አንድ ነው፤ የማባዛት ጥያቄ ይመጣል፣ ልጁ ይመልሳል፣ አንድ የካርቱን እንስሳ ያጨበጭባል። እኔ የምጠቀምበት መፈተኛ ቀላል ነው። ትምህርቱን ከጨዋታው ውስጥ ቢያወጡት ጨዋታው ሳይፈርስ ይቀጥላል? ከቀጠለ ትምህርቱ ላዩ ላይ የተለጠፈ ነበር። ከማይንክራፍት ቆጠራውን ቢያወጡ ቤቱ አይሠራም። ከአያቶቻችን ገበጣ ቆጠራውን ቢያወጡ የሚቀረው እንጨትና ጠጠር ነው። (ገበጣ በስልክም እንደሚገኝ ልብ ይበሉ፤ ኩኩሉ የተባለውን የምትሮጥ ዶሮ ጨዋታ የሠሩት የአገራችን የጌም ባለሙያዎች ሠርተውታል። እኔ ግን ከሴት አያቱ ጋር በእንጨቱ ቢጫወት እመርጣለሁ።)

በደንብ የተሠሩ የትምህርት ጨዋታዎች የሉም ማለቴ አይደለም። የኖርዌይ መንግሥት ከትምህርት ገበታ ለተፈናቀሉ የሶርያ ልጆች ዐረብኛ ማንበብን የሚያስተምሩ የስልክ ጨዋታዎች እንዲሠሩ ውድድር አውጥቶ ሁለቱ አሸናፊዎች በ2017 በነፃ ተለቀዋል። እዚሁ አገራችንም በ2012 አንድ ሙከራ ወሬው ዓለምን ዞሮ ነበር። «ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ» የተባለው ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለበት ለሚኖሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን ውስጥ ሰጣቸው፤ አስተማሪ ግን አልላከላቸውም። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደተናገሩት ልጆቹ ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ማብሪያውን አገኙ፣ በሳምንታት ውስጥ የእንግሊዝኛ ፊደል መዝሙር ይዘምሩ ጀመር፤ ቆይተውም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ በራሳቸው ዘዴ አስከፈቱት። የልጅ ብልሃት የት ድረስ እንደሚሄድ ያሳያል። ግን ፊደል መዘመር ማንበብ አይደለም፤ ከመዝሙሩ ወደ ንባብ ለመሻገር አሁንም አስተማሪ ያስፈልጋል።

ወደ ማኅበራዊው ጥቅም ልምጣ፤ ይህኛው ከትምህርቱ ይልቅ ለእኔ ግልጽ ሆኖ ይታየኛል። በየሰፈሩ ያሉትን የጌም ቤቶች ያውቋቸዋል። ጠባብ ክፍል፣ አንድ ወይም ሁለት ቴሌቪዥን፣ ሁለት ልጆች ተቀምጠው ሲጫወቱ ከኋላቸው ሰባት ስምንቱ ቆመው ይመለከታሉ። ሕጉ «ተሸናፊ ይነሣል» ነው፤ በብዙው ቤት ተሸናፊው ሒሳቡንም ይከፍላል። ወላጆች ሲያልፉ የሚታያቸው የባከነ ከሰዓት በኋላ ነው። ለጥቂት ጊዜ ቆም ብሎ ያየ ሰው ግን ሌላም ነገር ያያል። አሁን በመጨረሻው ደቂቃ ግብ ገብቶበት የተሸነፈው ልጅ ጆይስቲኩን ለሚቀጥለው አቀብሎ ተነሥቶ መቆም አለበት። ሊያለቅስ ይችላል፤ ግን ያቀብላል፤ ካላቀበለ ነገ ተራ የሚይዝለት የለም። ወረፋውን ማንም አይጽፈውም፣ ሁሉም ግን ያውቀዋል። «ኦፍሳይድ ነበር!» ብሎ የተነሣውን ጭቅጭቅ ትልልቆቹ ይዳኛሉ። አዲስ መጪውን ትንሽ ልጅ አንዱ ጎኑ ተንበርክኮ «ቶሎ አቀብል፣ አትንዳ» እያለ ያሠለጥነዋል። ሰኞ ማክሰኞና ብይ ስንጫወት የተማርነውን፣ መሸነፍንና ተራ መጠበቅን፣ እነዚህም እየተማሩት ነው።

እዚያው ቦታ የሚበላሸውም ነገር አለ። ግጥሚያው ላይ ገንዘብ ሲያዝበት ጨዋታው ቁማር ይሆናል፤ ትልልቅ ወጣቶች በሚውሉበት ቤት ደግሞ ስለ ስፖርት ውርርድ የማይሰማ ልጅ የለም። ከትምህርት ቤት ለሚፎርፉም መደበቂያ ነው። የእርስዎ ልጅ መሣሪያውን ቤቱ ማግኘቱ ከዚህ ያድነዋል፤ ግን ጥሩውንም አብሮ ሊያሳጣው ይችላል። ብቻውን በሩን ዘግቶ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚጋጠም ልጅ ሲሸነፍ አዝራር ተጭኖ ከመጀመሪያው ይጀምራል፤ ለማንም አያቀብልም። ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት የጎረቤት ልጆች ሁለት ሦስት ሆነው ይምጡ። ቆሎ ያቅርቡላቸው፣ ቤቱ ይንጫጫ። የሰላሙን ጉዳይ ጠይቀውኝ ጫጫታ ማዘዜ ነው፤ ይቅርታዎን።

አጎቱ አሜሪካ ከሆኑ የአጎቱ ልጆችም እዚያው ናቸው ብዬ እገምታለሁ። በስልክ ሲያገናኟቸው «ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ» ተባብለው የሚዘጉ ልጆች፣ በኢንተርኔት አብረው ሲጫወቱ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ያወራሉ። በእኛ ምሽት እነሱ ዘንድ ቀትር ስለሚሆን ቅዳሜና እሑድ ይመቻል። ከማያውቀው ሰው ጋር እንዳያወራ ግን መሣሪያው የቤተሰብ መቆጣጠሪያ ስላለው በዚያ ይዝጉት።

አሁን ስለ ልጅዎ ስለ ልጅቷ። ጥያቄዎ ውስጥ በአንድ ዐረፍተ ነገር ያለፏት እሷ፣ ለእኔ ከወንድሟ ይልቅ አሳሳቢ ሆና ታየችኝ። የጌም ቤቱ ደጃፍ ላይ ሴት ልጅ አይታይም። ቤት ውስጥም ጆይስቲኩ የወንዱ፣ ሰሐኑ የእሷ ይሆናል። እስካሁን የዘረዘርኩት ጥቅም እውነት ከሆነ እሷ እያጣችው ነው። በ2011 በአሜሪካ የብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ለዕድሜያቸው የሚገባውን ጨዋታ ከወላጅ ጋር የሚጫወቱ ታዳጊ ሴቶች ከቤተሰባቸው ጋር የበለጠ ቅርበት እንዳላቸው ታይቷል፤ በወንዶቹ ላይ ግን ይህ ዝምድና አልተገኘም። አብሮ መጫወቱ ቅርበቱን ማምጣቱን ጥናቱ አያረጋግጥም፤ ያም ሆኖ አባቷ የመጀመሪያውን ግጥሚያ ከእሷ ጋር ቢጀምሩ የሚጎዳ ነገር የለውም።

ወደ ፈራሁት ነገር ልምጣ። የእግር ኳስ ግጥሚያ ያልቃል፤ ዳኛው ሲያፏጭ ልጁ የሚነሣበት ክፍት በር ያገኛል። አንዳንድ ጨዋታዎች፣ በተለይ በነፃ የሚወርዱት የስልክ ጨዋታዎች፣ በር እንዳይኖራቸው ሆነው የተሠሩ ናቸው። «ዛሬ ካልገባህ ሽልማትህ ይቀራል» ይላሉ፤ ሊያሸንፍ ሲል ያቆሙትና ለመቀጠል ገንዘብ ወይም ማስታወቂያ ይጠይቁታል፤ ውስጡ ያለው የማይታወቅ ሣጥን ይሸጡለታል። ይህ የመጨረሻው ከቁማር አይለይም ብላ ቤልጂየም በ2018 በቁማር ሕጓ ከልክላዋለች። ፎርትናይት የተባለውን ጨዋታ የሚሠራው ኤፒክ ጌምስ በ2022 ከአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ጋር በ520 ሚሊዮን ዶላር ተስማምቷል፤ ከዚህ 275 ሚሊዮኑ ከልጆች የግል መረጃ አያያዝ ጋር ለተያያዘ ጥሰት ቅጣት ሲሆን 245 ሚሊዮኑ ሳይፈልጉ እንዲከፍሉ ለተደረጉ ደንበኞች ተመላሽ ነው። ልጅዎ «አንድ ደቂቃ ብቻ!» እያለ ሲለማመጥዎት ከእርስዎ ጋር ብቻ አይደለም የሚታገለው፤ እንዳይነሣ አድርገው ጨዋታውን ከቀመሩ ባለሙያዎችም ጋር ነው። ስለዚህ እኔ ብሆን ፕሌይስቴሽኑን ሳሎን አስቀምጬ፣ የአባቱን ስልክ ነው የምነጥቀው።

ስለ ግፍና ደም ብዙ አልልም። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር በ2020 ጉዳዩን መርምሮ፣ የግፍ ጨዋታ እንደ መጯጯህና መገፋፋት ካለ ጠበኝነት ጋር አነስተኛ ግንኙነት ቢኖረውም፣ ከከባድ የወንጀል ድርጊት ጋር ለማያያዝ የሚበቃ ማስረጃ እንደሌለ ገልጿል። ሽፋኑ ላይ ያለውን ዕድሜ ማክበር ግን የወላጅ ግዴታ ነው። በአውሮፓው ደረጃ ማይንክራፍት ከ7 ዓመት፣ ጂ.ቲ.ኤ. 5 የተባለው የወንጀል ጨዋታ ግን ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ሁለተኛውን 11 ዓመት ልጅ እጅ ላይ ካገኙት ያለ ክርክር ይውሰዱት።

ሰዓቱስ? የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላሉት ስክሪን ፊት መቀመጥን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት ላሉት በቀን ከአንድ ሰዓት እንዳይበልጥ ይላል። መመሪያው ለ11 ዓመት ልጅ ቁጥር አያስቀምጥም። የኦክስፎርዱ አንድሩ ፕርዚቢልስኪ በ2014 ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 15 ስለሆኑ ወደ 5,000 የሚጠጉ የብሪታንያ ልጆች ባሳተሙት ጥናት፣ በቀን ከአንድ ሰዓት በታች የሚጫወቱት ጨርሶ ከማይጫወቱት በጥቂቱ የተሻለ ሁኔታ ላይ ነበሩ፤ ከአንድ እስከ ሦስት ሰዓት የሚጫወቱት ካልተጫወቱት አልተለዩም፤ ከሦስት ሰዓት በላይ የሆኑት ደግሞ በጥቂቱ ወደ ኋላ ቀርተዋል። ልዩነቱ በሁለቱም በኩል ትንሽ ነው፤ የልዩነቱ ምክንያት ጨዋታው ራሱ መሆኑንም ጥናቱ አያረጋግጥም።

ሰዓትን ብቻ ይዘው የዘመቱ መንግሥታትም አሉ። ደቡብ ኮርያ በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት በኢንተርኔት እንዳይጫወቱ በሕግ ከለከለች፤ ልጆቹ በወላጆቻቸው የመታወቂያ ቁጥር ይገቡ ነበር፤ ሕጉም በ2022 መግቢያ ላይ ቀረ። ቻይና ከ2021 ጀምሮ ከ18 ዓመት በታች ላሉት በኢንተርኔት መጫወትን በዓርብ፣ በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓላት ምሽት ለአንዲት ሰዓት ብቻ ፈቅዳለች። እርስዎ ግን መንግሥት አይደሉም፤ ልጁን አጠገቡ ሆነው ያዩታል።

ለእርስዎ ቤት የምመክረው ይህ ነው፤ የጥናት ውጤት ሳይሆን የእኔ ግምት መሆኑንም ይወቁ። በትምህርት ቀን የቤት ሥራና የቤት ውስጥ ድርሻው ካለቀ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ግጥሚያ፤ ቅዳሜና እሑድ ከሁለት ሰዓት የማይበልጥ፤ ከመኝታ በፊት ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ምንም። በደቂቃ ሳይሆን በግጥሚያ ይቁጠሩ። 88ኛው ደቂቃ ላይ ሶኬት የነቀሉበት ልጅ የሚማረው ቁጣን ነው፤ «ይህኛው ሲያልቅ ይዘጋል» ብለው አስቀድመው ከተስማሙ ግን ፊሽካው ለእርስዎ ይሠራልዎታል። ለእህቱ የራሷ ቀን ይኑራት፤ በዚያ ቀን እሱ ጠይቆ ይጫወት።

ባለቤትዎ «ሱስ ይዞታል» ብለው ሠግተው ከሆነ መለኪያ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ ባዋለው የበሽታዎች ዝርዝር የጌም ሕመም የሚለው ሦስት ነገር አብሮ ሲታይ ነው፤ መጫወቱን መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጨዋታው ከሌላው የኑሮ ጉዳይ ሁሉ ቅድሚያ ሲያገኝ፣ ጉዳት እያየም ሲቀጥል። ይህም አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወራት ያህል የቆየና በትምህርቱ፣ በቤተሰቡ ወይም በጓደኝነቱ ላይ ጉልህ ጉዳት ያደረሰ መሆን አለበት። «ዝጋ» ሲባል መነጫነጭ ብቻውን በሽታ አይደለም። እንቅልፉ ከተዛባ፣ ኳስ ሜዳ መውጣት ከተወ፣ ጓደኞቹን መሸሽ ከጀመረ ግን 12 ወር አይጠብቁ፤ የሕፃናት ሐኪም ወይም የሥነ ልቦና ባለሙያ ያማክሩ። ብዙ ጊዜ ጌሙ የሌላ ችግር መሸሸጊያ ሆኖ ይገኛል፤ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚመታው ልጅ ወይም መከተል ያቃተው ትምህርት ይኖራል።

አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካው ኤም.አይ.ቲ. በ2007 ያወጣው ስክራች የሚባል ፕሮግራም አለ፤ ልጆች ራሳቸው ጨዋታ የሚሠሩበት ነው። በነፃ ይወርዳል፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ ከቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥም አማርኛ ይገኛል። በስልክ ስለማይመች ኮምፒውተር ይፈልጋል፤ አሮጌም ቢሆን ይበቃል። ሁለቱን ልጆች አብረው ያስቀምጧቸው፤ ትእዛዞቹን እየገጣጠመች እህቱ ትጀምር፣ እሱ ደግሞ ሥዕሉንና ድምፁን ይያዝ። ለመጀመሪያው ቀን አንድ ኳስ ከግራ ወደ ቀኝ እንዲሄድና ግድግዳ ሲነካ እንዲመለስ ማድረግ በቂያቸው ነው።